ቤንዞትራያዞል ለአሮጌ ጥቁርና ነጭ ፊልም፦ የሚያድነውና የማያድነው

ጊዜው ያለፈበት ፊልም ሲታጠብ ምስሉ ግራጫ ሽፋን ለብሶ ይወጣል። ፎግ የሚባለው ይህ ነው፦ ብርሃን ያልነካቸው የብር ቅንጣቶች በዕድሜና በሙቀት ተጎድተው ዴቬሎፐሩ (ምስሉን የሚያወጣው ፈሳሽ) ውስጥ አብረው ይጠቁራሉ። ቤንዞትራያዞል የተባለው ዱቄት ቅንጣቶቹ ላይ ተጣብቆ የዴቬሎፐሩን ሥራ ያዘገያል፤ ብርሃን በደንብ ያገኙት ግን ያን አልፈው ይጠቁራሉ። ለዚህ ችግር ከሚጨመሩት ኬሚካሎች ቀዳሚ ምርጫችን እሱ ነው። ፖታሲየም ብሮማይድም ተመሳሳይ ሥራ አለው፤ ፌኒዶን የተባለው ምስል አውጪ ኬሚካል ባለበት ዴቬሎፐር ውስጥ ግን ጉልበቱ ይደክማል።

የዱቄቱ አስቸጋሪ ጎን ልኬቱ ነው። ለ600 ሚሊ ሊትር ታንክ በመነሻው የሚበቃው 0.03 ግራም ስለሆነ በቀጥታ መመዘን አይታሰብም። 5 ግራም መዝኑና 400 ሚሊ ሊትር ያህል፣ 50 ዲግሪ ገደማ በሞቀ ዲስቲልድ ውሃ አሟሙት፤ ከዚያ 500 ሚሊ ሊትር እስኪደርስ ሙሉት። በቀዝቃዛ ውሃ ዱቄቱ ሳይሟሟ ስለሚቆይ የምትጨምሩት መጠን የተሳሳተ ይሆናል። ይህ 1 በመቶ ብጥብጥ በቡናማ ጠርሙስ ስሙ ተጽፎበት ይቀመጥ። ከእሱ 3 ሚሊ ሊትር በሲሪንጅ ቀድታችሁ ለመታጠቢያ በተዘጋጀው 600 ሚሊ ሊትር ዴቬሎፐር ላይ ጨምሩ። ዴቬሎፐሩ ዲ-76 ከሆነ አንድ ለአንድ በውሃ አቅጥናችሁ ተጠቀሙና ሲያልቅ ድፉት። ወደ ዋናው ጠርሙስ በፍጹም አትጨምሩ፤ ቀጥሎ የሚታጠበውን ጤነኛ ፊልምም ያዳክመዋል።

መጠኑን የሚወስነው ሙከራ ነው። ጨለማ ውስጥ ካልተነሳበት የፊልሙ ጫፍ ሦስት ቁራጭ ቁረጡ። አንዱን ያለ ዴቬሎፐር ፊክሰር (ያልጠቆረውን ብር አሟሙቶ የሚያስወግደው ፈሳሽ) ውስጥ ብቻ ክተቱት፤ የሚቀረው ጥላ የፊልሙ የራሱ መደብ ነው። ሁለተኛውን በተራ ዴቬሎፐር፣ ሦስተኛውን ቤንዞትራያዞል ባለበት እጠቡ። ሦስተኛው ወደ መጀመሪያው ከቀረበ መጠኑ በቂ ነው። ካልቀረበ በየጊዜው 3 ሚሊ ሊትር እየጨመራችሁ ሞክሩ፤ ከ12 በላይ ግን አትሂዱ። ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ነው፦ ፎጉ እስኪጠፋ ሲጨምሩ በፎቶው ውስጥ ጨለማ የሆነው ክፍል ዝርዝርም አብሮ ይጠፋል፤ እሱን የሚመልስ ኬሚካል የለም።

በካሜራው ቀዳዳ ብርሃን ገብቶበት የጠቆረን ፊልምም አያድንም። ያ ለኬሚካሉ ከእውነተኛ ምስል አይለይም።

የፊልሙ ፍጥነትም (ለብርሃን ያለው ስሜት) ስለሚቀንስ ፊልሙ ገና ካልተነሳበት አንድ ስቶፕ፣ ማለትም እጥፍ ብርሃን፣ ጨምራችሁ አንሱ፤ የማጠቢያውን ጊዜ ደግሞ ከ10 እስከ 15 በመቶ አርዝሙ። ቀድሞ የተነሳበት ከሆነ ከ3 ሚሊ ሊትሩ አትለፉ፤ ቀሪውን ፎግ ስካን ሲደረግ መቀነስ ይቻላል። ዱቄቱ ዓይን ስለሚቆጠቁጥ ሲመዘን ጓንትና መነጽር ይደረግ።