በደሴ ፒያሳ የሚሰጠው የአረጋውያን የሚዛን ልምምድ

የ72 ዓመቱ አባቴ ባለፈው ክረምት ለሱብሂ ሶላት ሲወጡ በሰፈራችን ዳገት ላይ ጭቃ አዳልጧቸው ወደቁ። አጥንታቸው ባይሰበርም ፍርሃቱ ከቤት አዋላቸው፤ ከቤት መዋል ደግሞ የእግርን ጡንቻ ስለሚያደክም ለዳግም ውድቀት ያጋልጣል። ስለዚህ ፒያሳ አካባቢ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ለአረጋውያን በሚሰጡት ልምምድ አስመዘገብኳቸው፤ አሁን አራተኛ ወራቸውን ይዘዋል።

ያስደሰተኝ ባለሙያው ሥራቸውን ሰውነት በማፍታታት ብቻ አለመወሰናቸው ነው። አረጋውያኑ እጃቸውን ሳይጠቀሙ ከወንበር ይነሣሉ፣ ወንበር ይዘው በአንድ እግር ይቆማሉ፣ የአንዱን እግር ተረከዝ ከሌላው እግር ጣት ፊት እያስጠጉ በመስመር ላይ ይራመዳሉ፤ እየጠነከሩ ሲሄዱም ድጋፉ ቀስ በቀስ ይቀነሳል። የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚመዝነው ኮክሬን የተባለ ዓለም አቀፍ ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ግምገማ የአካል እንቅስቃሴ የአረጋውያንን የመውደቅ መጠን በ23 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ሲያሳይ፣ አስተማማኝ ውጤት የተገኘው በተለይ ሚዛን የመጠበቅ ችሎታን ከሚያዳብሩ ልምምዶች ነበር። ባለሙያው አባቴ የሚወስዷቸውን መድኃኒቶች አስቀድመው መጠየቃቸውንም አደንቃለሁ፤ አንዳንድ የደም ግፊትና የእንቅልፍ መድኃኒቶች ሰው ከተቀመጠበት ሲነሣ ያዞራሉና።

ቅር ያሰኘኝ ግን ክፍሉ ፎቅ ላይ ሆኖ ደረጃው የእጅ መደገፊያ የሌለው መሆኑ ነው፤ ለእንዲህ ያለ አገልግሎት ይህ ከባድ ጉድለት ስለሆነ በቶሎ ሊታረም ይገባል። ልምምዱም በሳምንት ሁለት ቀን ብቻ ነው፤ የዓለም ጤና ድርጅት በ2020 እ.ኤ.አ. መመሪያው የሚመክረው ቢያንስ ሦስት ቀን በመሆኑ፣ ሦስተኛውን ቀን እኛው ቤት ውስጥ ግድግዳ አጠገብ ቆመን እናሠራቸዋለን። አባቴ ከዘራቸውን ይዘው ወደ መስጊድ መውጣት ጀምረዋል።