ኦሊአንደር ወይስ ብሩግማንሲያ? ለጎጃም ግቢ የቱ ይሻላል?

ሁለቱም የሚያምሩ የአበባ ተክሎች ናቸው። ሁለቱም ከቅጠል እስከ ሥር መርዝ ናቸው።

አየር፦ ኦሊአንደር ፀሐይ ይወዳል፤ ሥር ከያዘ ድርቅ ይችላል። 1,800 ሜትር አካባቢ ላይ ላለችው ባሕር ዳር ይስማማታል። ብሩግማንሲያ የአስተናግር ዘመድ ነው፤ መለከት የመሰለ አበባውን ቁልቁል ያንጠለጥላል። እሱ እንደ ደብረ ማርቆስ ቀዝቀዝ ያለ አየር ይመርጣል።

ወጪ፦ ጎረቤት ካለው ከሁለቱም አንድ ቅርንጫፍ ይበቃል። ስንዝር የሚያህል ቆርጣችሁ ሰኔ ላይ እርጥብ አፈር ውስጥ ትከሉት።

ድካም፦ ብሩግማንሲያ ውሃና ፍግ በደንብ ይፈልጋል። በበጋ ከሰዓት ቅጠሉ ጥውልግ ይላል፤ ማታ ሲጠጣ ጠዋት ቀና ብሎ ታገኙታላችሁ። ሲመሽ የሚለቀው ሽታ ግን ድካሙን ያስረሳል።

አደጋ፦ እዚህ ላይ አደራ! የኦሊአንደር መርዝ ልብን ነው የሚመታው። የደረቀ ቅጠሉም ያው መርዝ ነው። ስትገርዙት ቁርጥራጩን ከብት በሚደርስበት ቦታ አትጣሉ። አታንድዱትም፣ ጭሱም ይጎዳል። ብሩግማንሲያ ደግሞ ያቃዣል፤ እሱን በነካ እጅ ዓይን ካሻችሁ ብሌን ይሰፋል፣ እይታ ይደበዝዛል። ለሁለቱም ጓንት አድርጉ። ልጅ ከቀመሰ “እስኪ እንየው” ማለት የለም፤ ቅጠሉን ይዛችሁ ቀጥታ ሆስፒታል።

ውሃ ለሚያጥረው፣ ከብት ለማይውልበት የከተማ አጥር ኦሊአንደር ይሻላል። ጥላና ውሃ ላለው፣ ልጆች ነፍስ ላወቁበት ቤት ብሩግማንሲያ። የሚድህ ልጅ ካላችሁ ግን ሁለቱም ለጥቂት ዓመት ይቆዩ፤ ጽጌረዳ ትከሉ።