የካ 6 ግላይደር የእንጨት ክንፍ፦ ከ14 ወራት በኋላ

ይህን ካ 6 ሲአር ግላይደር (ሞተር አልባ አውሮፕላን) የገዛሁት ከ14 ወራት በፊት፣ በምኖርበት ጀርመን ነው። ሞተር አልባ አውሮፕላን ማብረር የተማርኩት ከፋይበር ግላስ በተሠራው ባለ ሁለት መቀመጫ ኤኤስካ 21 ስለነበረ፣ ወደ እንጨት መመለሴ የክበባችንን አባላት አስገርሟል። እኔ ግን ክንፉን ወድጄዋለሁ። ጠላቱ ውሃ ብቻ ነው።

ንድፉ የሩዶልፍ ካይዘር ሲሆን መጀመሪያ የበረረው በ1955 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ነው። አብራሪው ሃይንዝ ሁት በ1960 እና በ1963 ስታንዳርድ በሚባለው የግላይደር ውድድር ምድብ የዓለም ሻምፒዮን የሆነው በካ 6 ነበር። ክንፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 15 ሜትር ነው። በተረጋጋ አየር ከ1 ኪሎ ሜትር ከፍታ ተነስቶ ወደ 29 ኪሎ ሜትር ይንሸራተታል፤ የዛሬዎቹ በእጅጉ ይበልጡታል።

እኔን የማረከኝ ውስጡ ነው። ባለፈው ክረምት ከጥገና ባለሙያችን ጋር በመመርመሪያ ቀዳዳዎቹ በባትሪና በመስታወት እያየን ግማሽ ቀን አሳለፍን። ዋናውን ሸክም የሚችለው ከክንፉ ሥር እስከ ጫፉ የሚዘልቀው የእንጨት ተሸካሚ ነው። በበረራ ላይ ክንፉ ወደ ላይ ሲለመጥ የተሸካሚው የላይኛው እንጨት ይጨመቃል፣ የታችኛው ይሳባል። እንጨት በቃጫው አቅጣጫ ሲሳብ ብርቱ ነው፤ ሲጨመቅ ቶሎ ይሸነፋል። በእንጨት ክንፎች የላይኛው ወፈር የሚለው ለዚህ ነው። ወደ ጫፉ ሲኬድ ሁለቱም ይሳሳሉ፤ ከጫፍ ጀምሮ የተጠራቀመው ኃይል ሁሉ የሚያርፈው ሥሩ ላይ ነውና።

ከተሸካሚው ፊት ያለው ክፍል በቀጭን ኮምፔርሳቶ ተጠቅልሎ ዝግ ቱቦ ይሆናል፤ ክንፉ እንዳይጠመዘዝ የሚያደርገው እሱ ነው። ቀርከሃ በእጃችሁ ለመጠምዘዝ ሞክሩ፤ ከዚያ በርዝመቱ ሰንጥቃችሁ ድገሙት፤ ልዩነቱን ክንዳችሁ ይነግራችኋል። የላላ ክንፍ በከፍተኛ ፍጥነት መርገብገብ ጀምሮ ሊሰበር ስለሚችል፣ በዚህ ኮምፔርሳቶ ላይ ትንሽ ስንጥቅ እንኳ ከታየ ሳይጠገን አይበረርም። የኋላው ክፍል ጨርቅ ብቻ ነው፤ የተቀባው ላከር ሲደርቅ እንደ ከበሮ ቆዳ ይወጠራል። አንድ እንግዳ ሊረዳኝ ብሎ ሲያነሳው አውራ ጣቱ በስቶት ገብቷል። ለመጥገን አንድ ከሰዓት በቂ ነበር።

ያሳዘነኝ በስድስተኛው ወር የደረሰው ነው። ክንፎቹ ተነቅለው የሚቀመጡበት ተሳቢ ጣሪያው አፍስሶ ኖሮ፣ በቀኙ ክንፍ ሥር አጠገብ ቀለሙ ተሰነጣጥቆ አገኘሁት። በጣቴ ሳንኳኳ ጤናማው ቦታ ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ ኮላው የለቀቀበት ግን የታፈነ ድምፅ አሰማ። ባለሙያው የራሰውን ኮምፔርሳቶ ቆርጦ አወጣና የነባሩንም የአዲሱንም ጠርዝ በሰያፍ እያሳሳ አዲሱን ለጠፈ፤ ጠርዝ ለጠርዝ ቢገጥሙ ኮላው የሚይዝበት ስፋት አያገኝም። ሦስት ቅዳሜና እሑድ ፈጀብን። ጥገናው ካለቀ በኋላ የመጀመሪያውን በረራ ሳደርግ ዓይኔ ከቀኙ ክንፍ አልተነሳም ነበር።

በአየር ላይ ቀላልነቱ ይጠቅማል፤ ከባዶቹ በሚወርዱበት ደካማ ሽቅብ አየር ውስጥ በዝግታ እየዞርኩ ቆይቻለሁ። ነፋስን ፊት ለፊት ተጋፍቶ ለመሄድ ግን አቅም ያንሰዋል።

አሁን ክንፎቹን ሳላደርቅ ተሳቢው ውስጥ አላስገባም፤ ከሥር ያሉት የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች በአቧራ እንዳይደፈኑም በቀጭን ሽቦ እጠርጋለሁ። ለመግዛት የምታስቡ ካላችሁ፣ ስንት ሰዓት እንደበረረ ከመጠየቃችሁ በፊት የት ቆሞ እንደኖረ ጠይቁ፤ ተሳቢውንም በዝናብ ቀን ሂዳችሁ እዩት።