ወንፊቱን አውልቁልኝ ያለችው ጠበቃ

ደብረ ብርሃን ላይ ትንሽ የብረታ ብረት ቤት አለኝ። በር፣ መስኮት፣ የከብት መመገቢያ እንሰራለን። ላለፉት 4 ዓመታት ግን ልቤ ያለው የጤፍ መውቂያ ማሽን ላይ ነው። ዛሬ የምጽፈው ያንን ልፋቴን ስላተረፈችልኝ ጠበቃ ነው። ለብቻዬ "እግዜር ይስጥልኝ" ብያት ብቻ ማለፍ አልሆነልኝም።

ጤፍ የወቃ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። ፍሬው ደቃቅ ነው። ነፋሱን ከፍ ካደረጋችሁት ፍሬው ከእብቁ ጋር ይሄዳል። ዝቅ ካደረጋችሁት ደግሞ ገለባ የሞላበት ጤፍ ትሰበስባላችሁ። እኔ ሁለት ወንፊት አንዱን ከአንዱ ስር አዘንብዬ ገጠምኩ። የነፋሱን ፍጥነትና ነዶውን የሚወቃውን ከበሮ ዙር በሙከራ አገኘሁት። ቁጥሮቹን በአንድ ሰማያዊ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ጥር ላይ ማሽኑን እነዋሪ ወስጄ በጅሩ ገበሬዎች ፊት ወቃሁበት። አንድ አባት እብቁን በእፍኛቸው ዘግነው እፍ አሉት። ፍሬ ፈለጉ፣ አጡ። ቀና ብለው አዩኝ። ያቺን ቀን አልረሳትም።

ሰኔ ላይ አብሮኝ 5 ዓመት የሰራ ልጅ ለቀቀ። ሐምሌ ሲገባ የኔን የመሰለ ማሽን ሌላ ቤት በር ላይ ቆሞ አየሁ። ወንፊቱም፣ ዝንባሌውም ያው ነው። ደሜ ፈላ። በማግስቱ የወረዳ ፍርድ ቤት ሄጄ ልከስ ስነሳ ነው አንድ ወዳጄ "ቆይ፣ ይሄ ነገር ለይቶ የሚያውቀው ሰው ይፈልጋል" ብሎ ስልኳን የሰጠኝ።

የአንኮበር ልጅ ናት። ቢሮዋ አዲስ አበባ ነው። የምትይዘው የፓተንት፣ ማለትም የፈጠራ ባለቤትነት መብት፣ እና የንግድ ምስጢር ጉዳይ ብቻ ነው። በስልክ ስነግራት "ማሽኑን ሳላይ ምንም አልልዎትም ጋሼ" አለችኝ። ቅዳሜ ጠዋት 130 ኪሎ ሜትር አቋርጣ መጣች። የደብረ ብርሃንን የሐምሌ ብርድ ታውቁታላችሁ። ወንበር አቀረብንላት፣ አልተቀመጠችም። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ማሽኑ ስር ተንበረከከችና "ወንፊቱን አውልቁልኝ" አለች።

አባቷ አንኮበር ወፍጮ ቤት ነበራቸው። ቺንጋ ስትቀይር፣ ብሎን ስታጠብቅ ነው ያደገችው። ጥብቅና ስትጀምር የባንክ ብድር ክስ ነበር የምትይዘው። አንድ ቀን የሶፍትዌር ጉዳይ መጣላት። ሰራተኛው ኮዱን ይዞ ወደ ሌላ ድርጅት ሄዷል የሚል ነበር። ኮድ ማንበብ ስለማትችል ማታ ማታ እየተማረች ነው የተከራከረችው። ከዚያ ወዲህ ሌላ ዓይነት ጉዳይ ይዛ አታውቅም። "ዳኛው ፊት ቆሜ ማስረዳት የምችለው እኔ ራሴ ሲገባኝ ብቻ ነው" አለችኝ።

ከዚያ እውነቱን ነገረችኝ። ፓተንት ስላላወጣሁ በፓተንት መክሰስ አልችልም። ብችልም ክሱን የሚያየው የፌዴራል ፍርድ ቤት ነው። ወዲያው ግን "መጀመሪያ ለሰው ያሳዩት መቼ ነው?" ብላ ጠየቀችኝ። ጥር አልኳት። በጣቷ ቆጠረች። በአዋጅ ቁጥር 123/1987 መሰረት ፈልሳፊው ራሱ ፈጠራውን ካሳየ በኋላ በ12 ወር ውስጥ ካመለከተ፣ ማሳየቱ አዲስነቱን አያሳጣውም። ፓተንት ከተሰጠ 15 ዓመት ይቆያል። ፈጠራው አገር ውስጥ ስራ ላይ መዋሉ ከታየ 5 ዓመት ይጨመርለታል። እኔ አለቀልኝ ያልኩት ነገር ገና ጊዜ ነበረው።

ከበሮውንም ጭምር ላስመዘግብ ፈልጌ ነበር። እምቢ አለች። እንዲህ ያለ ከበሮ ድሮም አለ። ያኔ ነው የጤፉን ነገር ያነሳችልኝ። አንድ የኔዘርላንድስ ኩባንያ በጤፍ ዱቄት ላይ ፓተንት ይዞ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ብልሃት የለበትም ብሎ እዚያው አገር ላይ ሻረው። "አዲስ ያልሆነውን ካስገባን አዲሱንም ይዞት ሊወድቅ ይችላል" አለችኝ። ስለ ጤፉ ሰምቼ ተናድጄ ነበር። ለምን እንደወደቀ የገባኝ ግን ያን ቀን ነው።

ደብተሩ ሌላ ጉዳይ ነው። ፓተንት የሚገኘው ፈጠራውን በጽሑፍ ገልጦ ነው። የንግድ ምስጢር ደግሞ እስከተጠበቀ ድረስ ብቻ ነው የሚኖረው። ስለዚህ ወንፊቱ ለፓተንት ይግባ፣ ቁጥሮቹ በምስጢር ይቆዩ አለች። ደብተሩ የት እንደሚቀመጥ ስትጠይቀኝ ቁልፍ ያለው መሳቢያ አልኳት። "ይሄ ቁልፍ ነው የሚያተርፈን" አለች። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ከቅን የንግድ አሰራር ውጪ ባለቤቱ ሳይፈቅድ የሌላውን መረጃ መጠቀምን ይከለክላል። ባለቤቱ ራሱ ያልጠበቀውን ነገር ግን ምስጢር ነው ብሎ ማስረዳት ይከብዳል። እግረ መንገዷን ዌይሞ የተባለው ያለ ሹፌር የሚሄድ መኪና የሚሰራ የአሜሪካ ድርጅት ኡበርን በ2017 እ.ኤ.አ. የከሰሰበትን ነገረችኝ። ኋላ ኡበር የገባ አንድ መሐንዲስ ከዌይሞ 14 ሺህ ያህል ፋይል ወስዷል በሚል ነበር። በዓመቱ ኡበር ከራሱ አክሲዮን 0.34 በመቶ ሰጥቶ ተስማሙ። የኔዋ ደብተር 30 ገጽ አትሞላም፣ ነገሩ ግን አንድ ነው አለች።

አሁን የምነግራችሁ እኔንም ያስለቀሰኝን ነው። "ዝንባሌውን ማን አሰበው?" ብላ ጠየቀችኝ። ዝም አልኩ። ደግማ ጠየቀችኝ። እውነቱ፣ የታችኛውን ወንፊት ወደ ጎን እናዘንብለው ያለው ያ ልጅ ነበር። "እንግዲያው ስሙ በማመልከቻው ላይ ፈልሳፊ ተብሎ ይገባል" አለች። ተቆጣሁ። ሰርቆኛል አልኳት። "የደብተሩን ቁጥሮች የወሰደው ልጅና ይሄን ያሰበው ልጅ አንድ ሰው ነው ጋሼ፤ ሁለቱንም መጻፍ አለብን" አለችኝ። ሌሊቱን አልተኛሁም። ጠዋት ደውዬ እሺ አልኳት።

ለልጁ የማስጠንቀቂያ ደብዳቤውን ስትጽፍ ስሙ ፈልሳፊ ተብሎ እንደሚገባም አስገባችበት። ልጁ ደብዳቤው በደረሰው በሳምንቱ ስልኩን ይዞ መጣ። ከደብተሩ ያነሳቸውን ፎቶዎች ፊቷ አጠፋቸው። ማሽኑን የሚሸጠውም ቤት በቁጥሮቹ እንደማይጠቀም ፈረመ። ክስ ሳይከፈት አለቀ። የፓተንት ማመልከቻው ጥር ሳይደርስ ገብቷል፣ ውጤቱን እየጠበቅን ነው። ልጁ አልተመለሰም፣ ግን መንገድ ላይ ስንገናኝ ሰላም እንባባላለን።

ክፍያዋን አስቀድማ በውል ነው ያስቀመጠችው። ደረሰኝ ሰጥታኛለች። ከበሮውን ትታ ወንፊቱን ብቻ በመያዟ ስራውም ዋጋውም ቀንሷል፣ ይህን ራሷ ነገረችኝ።

ስሟንና ስልኳን በአደባባይ እንዳልለጥፍ ጠይቃኛለች። ደብረ ብርሃንም ሆነ ሸዋሮቢት፣ አረርቲም ሆነ መንዝ፣ አዲስ ነገር ሰርታችሁ የምትሰጉ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ አገናኛችኋለሁ። ስትሄዱ ስራችሁን ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ያሳያችሁበትን ቀን አስታውሳችሁ ሂዱ፣ ቀድማ የምትጠይቃችሁ እሱን ነው።