ፓወርፕሬፕ፦ ከጤና ሙያ ወደ ፐብሊክ ፖሊሲ ለሚሻገሩ

ያመለከታችሁበት የፐብሊክ ፖሊሲ ማስተርስ ጂአርኢ (GRE፣ የድህረ ምረቃ መግቢያ ፈተና) ከጠየቀ፣ መጽሐፍ ከመግዛታችሁ በፊት የፈተናው አዘጋጅ ኢቲኤስ (ETS) በኢንተርኔት የሚያቀርባቸውን ሁለት ነጻ የፓወርፕሬፕ (POWERPREP) መለማመጃ ፈተናዎች ሞክሩ። በነጻ ከሚገኘው ዋናውን ፈተና ይህን ያህል የሚመስል የለም፤ ሰዓቱም ያው 1 ሰዓት ከ58 ደቂቃ ነው።

ባዮስታቲስቲክስ ማወቅ ብቻ ሒሳቡን አያሻግርም። የሚጠየቀው በአብዛኛው የሁለተኛ ደረጃ አልጀብራ፣ ጂኦሜትሪና መቶኛ ነው፤ 12 ጥያቄ በ21 ደቂቃ፣ ከዚያ 15 ጥያቄ በ26 ደቂቃ። የመጀመሪያው ክፍል ውጤት የሁለተኛው ክፍል ጥያቄዎች ምን ያህል ከባድ እንደሚሆኑ ስለሚወስን፣ አንድ ጥያቄ ላይ ችክ አትበሉ፤ ምልክት አድርጋችሁ እለፉ፣ ኋላ ተመለሱበት።

ትልቁ ጉድለቱ ነጻው ፈተና የመልስ ማብራሪያ የለውም። አንዱን ዝግጅት ስትጀምሩ፣ ሌላውን ሁለት ሳምንት ሲቀር ውሰዱ። ውጤቱ 5 ዓመት ስለሚያገለግል፣ የሌሊት ፈረቃ በማይበዛበት ወር ቀድማችሁ ተፈተኑ።