ሊብሬካድ ከስምንት ወር በኋላ፦ ሁለት የመሰናክል ሜዳ ፕላኖችን ያወዳደርኩበት

ጅማ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆችን ስፖርት አሠራለሁ። ጥር ላይ 40 በ25 ሜትር የሆነ ባዶ ቦታ ተፈቀደልንና የመሰናክል ሜዳ ልንሠራበት ተነሣን። ያለን አሮጌ ጎማ፣ የባሕር ዛፍ እንጨትና ገመድ ነው። አንዴ የተቀበረ እንጨት ነቅሎ መልሶ መትከል ጉልበት ይጨርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ በኮምፒውተር ልሣለው ብዬ ሊብሬካድ የሚባለውን የፕላን መሣያ ሶፍትዌር ጫንኩ።

ነፃ ነው። አንዴ ከተጫነ ኢንተርኔት አይፈልግም። የኔ ላፕቶፕ አሮጌ ቢሆንም አልከበደውም። መብራት በጠፋ ማታ በባትሪ ብዙ ሠርቼበታለሁ።

ሁለት ፕላን ነበረን። "ሀ" ቀጥ ያለ ነው፤ ሁለት ልጆች ጎን ለጎን ተነሥተው ሌላኛው ጫፍ ይደርሳሉ። "ለ" መሐል ላይ ታጥፎ መነሻው አጠገብ ያልቃል። መጀመሪያ በየራሳቸው ፋይል አስቀመጥኳቸው። አልሆነም። አንዱን ዘግቼ ሌላውን እስክከፍት ያየሁት ይጠፋብኛል። በኋላ ሁለቱንም አንድ ፋይል ውስጥ በተለያየ ሌየር (እንደ ተደራረበ ስስ ወረቀት ያለ ንብርብር) አደረግኳቸው፤ ሀን በሰማያዊ፣ ለን በቀይ። የሜዳውን ድንበርና ዳር ያሉትን ዛፎች ሦስተኛ ሌየር ላይ አድርጌ ቆለፍኩት። ከሌየሩ ስም አጠገብ ያለችውን የዓይን ምልክት ስነካ ያ ሌየር ይደበቃል። ሁለቱንም ሳበራ የቱ መሰናክል ከየት ወዴት እንደሄደ ቁልጭ ብሎ ይታያል። ሶፍትዌሩን የወደድኩት ያን ቀን ነው።

ለ ላይ ርቀት ስለካ ግን ደነገጥኩ። ከግድግዳው ዘሎ የሚወርደው ልጅ የሚያርፍበት ቦታ፣ ጎማው ጋ ተራ ከሚጠብቁት ልጆች የሚርቀው 1.5 ሜትር ብቻ ነበር። በእጅ ስንሥለው ማናችንም አላየነውም። ወደ 4 ሜትር አሰፋነው።

ብሎክ ላይ ተጠንቀቁ፤ አንዴ ተሥሎ በየቦታው የሚደጋገም ሥዕል ማለት ነው። ጎማውን አንዴ ሥዬ ብሎክ አደረግኩትና ሁለቱም ፕላን ላይ ደጋገምኩት። ለ ላይ መጠኑን ሳስተካክል የሀም አብሮ ተቀየረ። የብሎክ ሥራው ይኸው ነው፤ አንዱ ሲቀየር ሁሉም ይቀየራል። እኔ ሳላስተውል አንድ ሳምንት ሙሉ የተበላሸ ፕላን ሳወዳድር ከረምኩ። አሁን "ጎማ ሀ" እና "ጎማ ለ" የሚባሉ ሁለት ብሎኮች አሉኝ።

ፋይሉን የሚያስቀምጠው ዲኤክስኤፍ በሚባለው የፋይል ዓይነት ነው፤ አውቶካድ የሚባለው የፕላን መሣያ ሶፍትዌር በሚጠቀምበት በዲደብሊውጂ ማስቀመጥ አይችልም። አውቶካድ የሚጠቀመው ኢንጂነር ጓደኛዬ ዲኤክስኤፉን ስለሚከፍተው አልተቸገርንም። ፕሪንት ሳደርግ 1 ለ200 አድርጌው ሜዳው በሙሉ አንድ ኤ4 ወረቀት ላይ ገባ። 1 ሴንቲ ሜትር 2 ሜትር ማለት ስለሆነ ልጆቹ ራሳቸው ማስመሪያ ይዘው ችካል ተከሉ።

ትልቁ ጉድለቱ የሚሥለው ጠፍጣፋ ብቻ መሆኑ ነው። ቁልቁለት አያሳይም። ስክሪን ላይ ለ ያለ ጥርጥር ይበልጥ ነበር። ሰኔ ገባና የጅማ ዝናብ በረታ። ልጆቹ በሆዳቸው የሚድሁበት መረብ ሊዘረጋበት ያሰብነው ጥግ ውሃ ቋጠረ። ቀዩ ጭቃ ቁርጭምጭሚት ይውጣል። ደግነቱ ገና ችካል ላይ ነበርን። ሊብሬካድ ላይ ለን በመስታወት እንደሚታይ አድርጌ ገለበጥኩት፤ መረቡም ወደ ላይኛው በኩል ሄደ። ሁለት ደቂቃ አልፈጀም።

መስከረም ሲጠባ ጉድጓድ መቆፈር ጀምረናል። ሀን አላጠፋሁትም፤ ሌየሩ ተደብቆ እዚያው ፋይል ውስጥ አለ። ለውድድር ቀን ሁለት ልጆች ጎን ለጎን የሚሮጡበት መስመር ስለሚያስፈልገን ከፕላን ለ አጠገብ ማስገባት እችል እንደሆነ እየሞከርኩ ነው።