የመምህራን የደረጃ ዕድገት አገልግሎት ከከተማ ዳር ሲገመገም

በመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚሠራበት የመምህራን የደረጃ ዕድገት መምህሩ ከክፍል ሳይወጣ በሙያው ከፍ እንዲል የተዘረጋ አገልግሎት ነው። ለመምህራን ሙያዊ ዕድገት ትኩረት በሰጠው የ1986ቱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሥር የተደራጀው ይህ መሰላል ከጀማሪ መምህር ተነሥቶ በመለስተኛ መምህር፣ በመምህር፣ በከፍተኛ መምህርና በተባባሪ መሪ መምህር በኩል እስከ መሪና ከፍተኛ መሪ መምህር ይደርሳል። እኔ የምገመግመው በአዲስ አበባ ዳር፣ በቱሉ ዲምቱና በኮዬ በኩል፣ ከኮንዶሚኒየም ሰፈሮቹ ጋር አብረው በተከፈቱ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ሲሠራበት ያየሁትን ነው።

ትልቁ ጥንካሬው ሐሳቡ ነው። እንዲህ ያለ መሰላል በሌለበት፣ ጎበዝ መምህር ማደግ ሲፈልግ ያለው መንገድ ርዕሰ መምህር መሆን ወይም ወደ ቢሮ መግባት ብቻ ነው፤ ተማሪዎቹም በጣም የሚያስፈልጋቸውን ሰው ያጣሉ። ደረጃው ግን ጠመኔ ይዞ ለሚቀረው መምህር ስምም ደመወዝም ይጨምርለታል። በአፈጻጸም ምዘናው ከትምህርት ቤቱ አመራር ሌላ የሥራ ባልደረቦች፣ ተማሪዎችና ወላጆች ድምፅ እንዲኖራቸው መደረጉንም እደግፋለሁ።

ችግሩ የሚጀምረው ከስሙ በኋላ ነው። በከተማ ዳር ያሉት አዳዲስ ትምህርት ቤቶች ብዙ ጀማሪ መምህራን አሏቸው፤ ነባሮቹ ደግሞ፣ በትራንስፖርቱ ርቀት ምክንያት ይመስለኛል፣ ዝውውር ሲገኝ ወደ መሀል ከተማ ይሄዳሉ። ጀማሪው የሁለት ዓመት የሙያ ትውውቅ ጊዜውን ከአማካሪ መምህር ጋር እንዲያሳልፍ፣ ሌላውም መምህር በዓመት 60 ሰዓት ለተከታታይ ሙያ ማሻሻያ፣ ማለትም ለተሙማ፣ እንዲያውል መመሪያው ይጠይቃል። አማካሪ መሆን የሚገባው ከፍተኛ መምህር ግን ከጀማሪው እኩል ክፍለ ጊዜ ተመድቦለት፣ እኩል ደብተር እያረመ ይውላል። ታዲያ የባልደረባውን ትምህርት ገብቶ የሚያየው መቼ ነው? አንዲት የሒሳብ መምህርት በራሷ ፈቃድ ትርፍ ሰዓቷን ሰጥታ የጀማሪውን የክፍልፋይ ትምህርት ከኋላ ወንበር ስትከታተል፣ ከዚያም ሁለቱ ተቀምጠው ተማሪዎቹ ለምን ታሕቱን ከታሕት እንደሚደምሩ ሲመረምሩ አይቻለሁ። ደረጃው ሊያፈራው የሚገባው ይህን ነበር፤ የሆነው ግን በእርሷ ደግነት ነው። የከፍተኛና የመሪ መምህራን ክፍለ ጊዜ በመጠኑ እንዲቀነስ ቢወሰን፣ ከየትኛውም ሌላ ማሻሻያ የበለጠ ለውጥ ያመጣል ብዬ አምናለሁ።

የአሠራር ቅልጥፍናውን በተመለከተ ውጤቱ ዝቅተኛ ነው። የእኔ የዕድገት ደብዳቤ በአንድ ጽሕፈት ቤት ከጠረጴዛ ጠረጴዛ እየተዘዋወረ እጅግ ዘግይቶ ደርሶኛል፤ በዚያ መካከል በአዲሱ ደረጃ የሚገባኝን ሥራ እየሠራሁ በአሮጌው ደመወዝ ቆይቻለሁ። ማህደረ ተግባርም፣ ማለትም መምህሩ የሥራውን ማስረጃ የሚያሰባስብበት ፋይል፣ በይዘቱ ሳይሆን በውፍረቱ ሲመዘን ይታያል፤ ይህም ጊዜውን ለተማሪ የሰጠውን መምህር ጊዜውን ለወረቀት ከሰጠው በታች ያደርገዋል።

ከደረጃው ጎን ለጎን የሚሰጠውን ክብርም ማንሳት ተገቢ ነው። ዩኔስኮና የዓለም የሥራ ድርጅት የመምህራንን ማኅበራዊ ደረጃ የሚመለከተውን የውሳኔ ሐሳብ በ1966 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ያጸደቁበት ቀን፣ መስከረም 25 አካባቢ፣ የዓለም የመምህራን ቀን ሆኖ ይከበራል፤ በዓመቱ መጨረሻም ካባና የምስክር ወረቀት የሚሰጥባቸው ትምህርት ቤቶች አሉ። ወረቀቱ ላይ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው «ላበረከቱት አስተዋጽኦ» የሚል ነው፤ ምን እንዳበረከቱ አይገልጽም። የወላጅ፣ መምህርና ተማሪ ኅብረት አባል የሆኑ አንዲት እናት ግን በአንድ ሽልማት ላይ ተነሥተው፣ ልጃቸው ሦስተኛ ክፍል ስትደርስ ማንበብ እንዳልቻለችና መምህሯ በምሳ ሰዓት እያስቀመጠ እንዳስነበባት ተናገሩ። ተሸላሚውን የምታከብሩት ከሆነ ሥራውን እንዲህ በስሙ ጥሩለት፤ ወጪ የለውም።

በአጠቃላይ ይህን አገልግሎት ለመጠቀም የተቃረቡ ጀማሪ መምህራን እንዲገፉበት እመክራለሁ። የተፈረመባቸውን የምዘና ቅጾች በየመንፈቁ ቅጂ ይያዙ፤ ማመልከቻ ሲያስገቡ በመዝገብ ቤት ቁጥርና ቀን ያስይዙ፤ አማካሪ መምህር ካልተመደበላቸውም ለርዕሰ መምህሩ በጽሑፍ ይጠይቁ።